ከአሜሪካ ጠቅልሎ አዲስ አበባ መግባት፦ ከኤምባሲ ወረቀት እስከ ዕድር

ዋሽንግተን አካባቢ ሃያ ሠላሳ ዓመት ከኖረ ሐበሻ ጋር ቡና ላይ ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ "እኔስ ጠቅልዬ ልገባ ነው" ላይ ማረፉ አይቀርም። ብዙው ሰው የሚጨነቀው ስለ ገንዘቡ ነው። እኔ ግን እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ የማየው፣ ገንዘብ ይዞ መጥቶ በወረቀት የታሰረ ሰው ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ይችል የነበረ ጉዳይ ከዚህ ሆነው ሲከታተሉት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ የሚያወራው ከመነሳትዎ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ከገልፍ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የሚመለስ ሰውም የኢትዮጵያውን ክፍል እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

1. መጀመሪያ ኖረው ይሞክሩት

ለገና ወይም ለሠርግ መጥቶ ሦስት ሳምንት ሆቴልና ዘመድ ቤት ከርሞ "አገሩ ተስማምቶኛል" ማለት ሙከራ አይባልም። ያኔ እንግዳ ነዎት፤ እንግዳን ደግሞ ሁሉም ይንከባከበዋል። ቢያንስ ሦስት ወር፣ ኪራይ ቤት ውስጥ፣ ራስዎ ገበያ እየወጡ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ እየከፈሉ ይኑሩ። ቢቻል ከሦስቱ ወራት አንዱ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ይሁን። በጥቅምትና በኅዳር አዲስ አበባን የማይወድ የለም። ክረምቱን፣ ጭቃውንና የመብራቱን መቆራረጥ አይተው አሁንም ልብዎ ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ።

ትዳር ካለዎት ሁለታችሁም ሞክሩት። አንዱ ጓጉቶ ሌላው ተጎትቶ የመጣበት ቤት ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ሁለት ቦታ ይከፈላል።

2. እርስዎ በሕግ ማን ነዎት?

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዙ የሚያስፈልግዎ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለዚህ ካርድ ባለቤት ሰፊ መብት ሰጥቶታል፦ ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፣ ቤት በስምዎ ይይዛሉ። መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ግን አይችሉም። ካርዱን ለማውጣት ትውልድዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃሉ። አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሁሉም ይቀላል። መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ከሆነ ዛሬ ይፈልጉት። ውጭ የተወለዱ ልጆችዎ በወላጅ ማስረጃ፣ የውጭ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛዎ ደግሞ በጋብቻ ማስረጃ ማግኘት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ዜግነትዎን መልሰው ለማግኘት የሚፈልጉ ከሆነ ሕጉ በር አልዘጋም፤ ግን ሌላውን ዜግነት መተው ግድ ነው።

በግሪን ካርድ ላይ ያሉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አሁንም ኢትዮጵያዊ ነዎት፣ ቢጫ ካርድ አያስፈልግዎትም፤ ችግርዎ ያለው በአሜሪካ በኩል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከአገሩ ውጭ ከቆዩ ግሪን ካርዱ ብቻውን ለመመለሻ አይበቃም። የዳግም መግቢያ ፈቃድ የሚባለውን ማመልከቻ፣ ማለትም ፎርም አይ-131ን፣ አሜሪካ ውስጥ እያሉ ማስገባት አለብዎት። ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ዜግነት ለመውሰድ ጥቂት ጊዜ የቀረው ሰው ከ6 ወር በላይ ወጥቶ ቢቆይ የቆጠረው ጊዜ ሊቋረጥበት ይችላል። ምክር ከጠየቁኝ፣ ዜግነቱ የቀረበ ሰው ጨርሶት ቢመጣ ይሻለዋል።

3. ስምዎን ያስተካክሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ ሰው የሚታሰረውም እዚሁ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስምዎ ሦስት ነው፦ የራስዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ። አሜሪካ ሲገቡ አያት ቀርቶ አባት የቤተሰብ ስም ሆነ። ሴቷ አግብታ የባሏን አባት ስም ወሰደች። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥ በሰባትና በስምንት ዓመቱ መካከል ተምታታ፤ ወይም ቀኑ ጠፍቶ በፈረንጁ ጃንዋሪ 1 ተጻፈ። ለሃያ ዓመት ማንም አልጠየቀዎትም። አሁን ግን የእናትዎን ቤት ለመውረስ ወይም በ1990ዎቹ የተመዘገቡበትን ኮንዶሚኒየም ለመረከብ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ፣ ሠራተኛዋ ካርታውን በግራ፣ ፓስፖርቱን በቀኝ ይዛ ታስተያያለች። "እዚህ አልማዝ በቀለ ወልዴ ነው የሚለው፤ እዚህ ደግሞ አልማዝ ተሰማ። እርስዎ የትኛዋ ነዎት?" ትላለች። ክፋት የለባትም፤ የተሳሳተ ሰው ብታስፈርም የምትጠየቀው እሷ ነች።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አሜሪካ እያሉ የስም ለውጡን የሚያሳየውን ሰነድ ሁሉ ይሰብስቡ፦ የዜግነት ሰርተፍኬቱን፣ የጋብቻውን፣ ፍርድ ቤት የሰጠው የስም ለውጥ ውሳኔ ካለም እሱን። ይህ ካልበቃ አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ቤት አመልክተው ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥልዎ ያደርጋሉ። ድሮ የሚያውቋችሁ ምስክሮች ይጠየቃሉና በዕድሜ የገፉ ዘመዶች በሕይወት እያሉ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

4. ሰነድ ማረጋገጥ፦ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻ

አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሰነድ ኖተሪ ስለመታው ብቻ እዚህ አይሠራም። ማኅተሙ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፦ ሰነዱን የሰጠው ግዛት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ። አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ አማርኛ ይመለሳል። አንድ ማኅተም ከጎደለ ወረቀቱ ወደ አሜሪካ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ሻንጣ ውስጥ።

በዚህ መንገድ ያለፉ ሆነው ይዘዋቸው የሚመጡት፦

- የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ ወይም የሞት ማስረጃዎች። ቤት ሲገዙም ሲሸጡም በተለምዶ ውልና ማስረጃ የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ባለትዳር ይሁኑ አይሁኑ ማወቅ ይፈልጋል። የተፋታ ሰው የፍቺ ውሳኔውን ካላመጣ የቀድሞ ሚስቱን ፊርማ ሊጠየቅ ነው።
- ዲግሪና የትምህርት ማስረጃ፣ መቀጠር ለሚያስብ። የአቻ ግምቱን የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሐኪምና ነርስ ከሆኑ የሙያ ፈቃዱንም ይጨምሩበት።
- መንጃ ፈቃድ። የተረጋገጠ መንጃ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያው ይቀየራል፤ ያልተረጋገጠው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል።
- የልጆች ትራንስክሪፕትና የክትባት ካርድ።

ውክልናንም እዚሁ ላይ ያስቡት። አዲስ አበባ ላለ ሰው ውክልና ሲሰጡ ሥራውን ለይተው ይስጡ፦ "ይህን ቤት እንዲያከራይልኝ"፣ "ይህን ሰነድ እንዲያወጣልኝ"። "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲበደርበት" የሚል ሙሉ ውክልና ለወንድምም ቢሆን አልመክርም። ፍርድ ቤት የሚመላለሰው የወንድማማች ክርክር አብዛኛው የሚጀምረው ከእንደዚህ ዓይነቷ ወረቀት ነው። በተቃራኒው አሜሪካ ውስጥም የሚወክልዎ ሰው ይተዉ። ባንክ ወይም ግብር ቢሮ ደብዳቤ ሲልክ የሚከፍትልዎ ያስፈልጋል።

5. የአሜሪካውን በር ሳይዘጉ መውጣት

*ስልክ ቁጥር።* ትንሽ ነገር ይመስላል። ባንክዎ፣ የጡረታ ሂሳብዎና ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታው) ድረ ገጽ ሲገቡ የሚያረጋግጡት በዚያ ቁጥር በሚልኩት ኮድ ነው። ቁጥሩ ከተቋረጠ ከራስዎ ገንዘብ ጋር ተለያዩ ማለት ነው። ከመውጣትዎ በፊት ርካሽ ወደሆነ ዕቅድ ያዛውሩት፣ ውጭ አገር ሆነው መልእክት መቀበሉን በዋይፋይ ይሞክሩት።

*ሶሻል ሴኩሪቲ።* ለጡረታ የሚያበቃው 40 ነጥብ፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ ገደማ ነው። 36 ወይም 38 ላይ ያለ ሰው ጥቂት ወራት ቢሠራ ምን እንደሚያተርፍ ያስላ። ዜጋ የሆነ ሰው ጡረታውን ኢትዮጵያ ሆኖ ማግኘት ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ግን ከአሜሪካ ውጭ 6 ወር ሲሞላው ክፍያው ሊቆምበት ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ኤስ-ኤስ-አይ የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ ድጎማ ደግሞ ለዜጋም ቢሆን ከአሜሪካ ከወጣ ከ30 ቀን በኋላ ይቆማል።

*ሜዲኬር።* ይህ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን አዲስ አበባ ላይ አይከፍልም። ክፍል ቢ የሚባለውን፣ የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ወጪ የሚሸፍነውን፣ አቋርጠው በኋላ ቢመለሱ ለእያንዳንዱ ያለፈ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት በወርኃዊ ክፍያው ላይ ይጨመራል። ለከባድ ሕክምና እመለሳለሁ የሚል ሰው እየከፈለ ቢቆይ አያሳዝነኝም።

*ቤት።* ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 2 ዓመት የኖሩበትን ቤት ሲሸጡ ከትርፉ ላይ እስከ 250,000 ዶላር፣ አብረው ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ከግብር ነፃ ነው። አከራይተውት ወጥተው ከ3 ዓመት በላይ ከቆዩ ይህ መብት ያልፋል። "ለማንኛውም ይቆይ" ብሎ መተው ዋጋ አለው ማለት ነው።

*ግብር።* ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው የትም ቢኖር ለአሜሪካ ገቢውን በየዓመቱ ያሳውቃል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሂሳቦችዎ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ባንክ ሂሳብ ማሳወቂያ ለብቻው ይሞላሉ። ኢትዮጵያም በበኩሏ በዓመት ከ183 ቀን በላይ የኖረባትን ሰው እንደ ነዋሪ ግብር ከፋይ ታየዋለች። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ ሁለቱንም የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ መክፈል ያዋጣል። ዕድሜዎ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ፎር-ኦ-ዋን-ኬውን፣ ማለትም በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ያጠራቀሙትን የጡረታ ቁጠባ፣ ሰብረው ቤት ሊገዙበት ካሰቡ ደግሞ ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት እንዳለ አይርሱ።

6. ጓዝ

ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው ኤምባሲው የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። ዕቃዎ ከመታሸጉ በፊት ዝርዝሩን ይዘው ይሂዱ፣ ከቀረጥ ነፃ የሚገባውንና የማይገባውን ያስለዩ። ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። ዕቃው ቀድሞ እርስዎ ዘግይተው ከደረሱ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣልዎ ትራንዚተር በሰው በሰው ይፈልጉ፣ ዋጋውንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ምን ይምጣ? በእኔ እምነት መጻሕፍት፣ ጥሩ ፍራሽ፣ የሥራ መሣሪያ። የአሜሪካ ማጠቢያ ማሽንና ማድረቂያ ይቅር። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ሞተር ያለው ዕቃ እየጋለ ይሞታል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባው ላይ 100–240 የሚል ከሆነ ችግር የለበትም።

የቤንዚን መኪናዎን ይሽጡት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ካሰቡም የሚጠግነው ጋራዥ እዚህ መኖሩን አስቀድመው ያጣሩ።

7. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቅደም ተከተሉ ራሱ ይጠቅማል። መጀመሪያ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው። አሻራና ፎቶ ሰጥተው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይወስዳሉ፤ ያለሱ ባንኩ ሂሳብ አይከፍትልዎም። ከዚያ ሲም ካርድ፣ ባንክ፣ በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር። ነዳጅም፣ መብራትም፣ የትራፊክ ቅጣትም የሚከፈለው በስልክ ነውና ቴሌብሩን "በኋላ" አይበሉት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላቸው ደግሞ በወረዳቸው የነዋሪነት መታወቂያ ያወጣሉ።

8. ገንዘብ

ሁሉንም ዶላር ወደ ብር አይቀይሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የቤቱን ሽያጭ በሙሉ ቀይሮ የተኛ ሰው ግማሽ ሀብቱ በዶላር ሲለካ ጠፋ። ዋናውን ገንዘብ አሜሪካ ወይም እዚህ ለዲያስፖራ በሚከፈተው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያቆዩት፤ የወሩን ወጪ በየወሩ በባንክ ይመንዝሩ። ይዘው የሚገቡትን ጥሬ ዶላር ኤርፖርት ላይ ያሳውቁ፣ ወረቀቱንም ያስቀምጡ። ጥቁር ገበያ ሁለት ብር ጨምሮልዎ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ቤት ሲገዙ ወይም ንግድ ሲከፍቱ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት አይሰጥዎትም።

9. ቤት፦ አንድ ዓመት ይከራዩ

ደላላው ኤርፖርት ድረስ የሚቀበልዎ ይመስል በመጀመሪያው ሳምንት ይደውላል። "ዛሬ ካልያዙት ያመልጣል" ይላል። ያምልጥ። አንድ ዓመት ተከራይተው ሰፈሩን ሳያውቁ አይግዙ።

የኪራይ ቤት ሲያዩ ሳሎኑን ለመጨረሻ ይተዉትና ከበሩ ይጀምሩ። ጥበቃውን ሰላም ብለው "ጋሼ፣ ውሃ መቼ መጣች?" ብለው ይጠይቁ። "ትናንት ሌሊት መጥታ ነበር፤ የተኛ አልደረሰባትም" ካለዎት የቤቱን ግማሽ ታሪክ ሰሙ። ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) አለ? ስንት ሊትር? ፓምፑ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ፎቅ ከሆነ ሊፍቱ ጄኔሬተር ላይ ተያይዟል? አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ ይምጡ፤ ቀን ጸጥ ያለ ሰፈር ማታ ጭፈራ ቤት ሊሆን ይችላል።

አከራዩ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ሊጠይቅ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ግን ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ሕጉን አውቀው ቢደራደሩ አይጎዱም።

ሲገዙ፦ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ካርታውን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ይዩ። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመሬት አስተዳደር በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የሊዝ ቀሪ ክፍያ መኖሩንም። ቦታው የኮሪደር ልማት ወይም መልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባቱን ይጠይቁ። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድምና "በውክልና ይዘው ይቆዩ፣ በኋላ ይዛወርልዎታል" የሚልዎትን አይስሙ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ጠበቃ ይያዙ፤ የደላላው ወንድም የሆነ ጠበቃ አይቆጠርም። ገና ባልተሠራ አፓርታማ ላይ ቅድሚያ ስለመክፈል የምለው አጭር ነው፦ ያ ኩባንያ ከዚህ በፊት ጨርሶ ያስረከበውን ሕንጻ ሄደው ነዋሪዎቹን ያነጋግሩ።

10. ልጆችና ጤና

ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈታል፣ ጥሩዎቹ ግን ቦታቸው የሚሞላው ከዚያ በፊት ነው፤ ስለዚህ ምዝገባው ከቤት ኪራዩ ይቅደም። ቤቱን ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ይከራዩ እንጂ በተቃራኒው አያድርጉት። ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ወደ ውጭ የሚመለስ ከሆነ ሳንፎርድን የመሰለ ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ያለው ይሻለዋል። አማርኛ የማይሰማ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይዞ መምጣት ከባድ ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ጋር አይወዳደርም።

መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ የንግድ ስሙን ትተው የመድኃኒቱን ዋና ስም በወረቀት ይያዙ፤ የስድስት ወሩን ስንቅ ይዘው ይግቡ፤ በመጀመሪያው ወር ሁለት ሦስት ፋርማሲ ዞረው እዚህ መኖሩን ያጣሩ። የግል ሆስፒታል ሲያስተኛ አስቀድሞ ማስያዣ ያስከፍላል፣ ስለዚህ ቤተሰብ ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ብር ባንክ ይኑር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ናት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይምጣ።

11. ዘመድ፣ ዕድርና የማይቀረው ጥያቄ

ገንዘብ ይጠየቃሉ፤ ይህን አይሸሹት። ውጭ እያሉ በየወሩ ይልኩላቸው የነበሩ ሰዎች አሁን በር ያንኳኳሉ፤ ደመወዝዎ ግን ቀርቷል። ከመምጣትዎ በፊት ለቅርብ ቤተሰብ በግልጽ ይንገሩ፦ "ከመስከረም ጀምሮ ዶላር የለኝም፣ የምችለው ይህን ያህል ነው።" በዓመት ለዘመድ የሚያወጡትን መጠን ለይተው ያስቀምጡ፤ ሲያልቅ አልቋል። ብድር ሲጠየቁ የሚሰጡት ቢቀር የማይጎዳዎትን ብቻ ይሁን። "በጋራ ንግድ እንክፈት" የሚለውን ግን ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት።

ሰፈሩ ውስጥ እንደረጉ ዕድር ይግቡ። መመዝገቢያው እንደ ዕድሩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ዕድር ቆይቶ ለገባ ሰው የዓመታቱን መዋጮ አስልቶ ያስከፍላል፣ ስለዚህ መዘግየት ያስወድደዋል። ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን የሚያገኙት ወርኃዊ ስብሰባው ላይ፣ ብዙ ጊዜ እሑድ ጠዋት ነው። የቤተሰብ አባላትዎን ስም በሙሉ ያስጽፉ፤ አሜሪካ የቀሩ ልጆች ካሉ ይካተቱ እንደሆነ ደንቡን ይጠይቁ። ድንኳን ተከላ ላይ አይቅሩ፣ ለቅሶ ቤትም ሄደው ይቀመጡ። ውሃው መቼ እንደምትመጣ፣ የትኛው ቧንቧ ሠራተኛ እንደማይዋሽና የትኛው ቤት በእውነት እንደሚሸጥ የሚነግሩዎት እዚያ አጠገብዎ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።